ዜማን በስደት የጠበቁ ሴት
የወይዘሮ አስቴር ጋኖ ሕይወትና ሥራ

ሰው ከአገሩ ሲወጣ የሚይዘው ስንቅ እንደ አወጣጡ ነው። ነጋዴ ገንዘቡን፥ ወታደር መሣሪያውን፥ ተማሪም መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል። ተነጥቆ የሚሄድ ሰው ግን ከለበሰው ልብስ በቀር የሚይዘው የለውም፤ ልብሱም ቢሆን የገዥው እንጂ የእርሱ አይደለም። ሆኖም ፈንጋይ የማይነጥቀው፥ ቀራጭም በኬላ ላይ የማይቀርጠው አንድ ንብረት አለ፤ ይኸውም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሰማው ዜማና በምድጃ ዳር ተቀምጦ የተማረው ተረት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው የእንዲህ ያለው ንብረት ባለቤት የነበሩትን የወይዘሮ አስቴር ጋኖን ታሪክ ነው። እርሳቸው በልጅነታቸው ከአገራቸው ተወስደው፥ በቀይ ባሕር አጠገብ በባዕዳን ትምህርት ቤት አድገው፥ የወገናቸውን ዘፈንና ተረት፥ ምሳሌና እንቆቅልሽ ከቃላቸው አውጥተው በጽሑፍ ያኖሩ፥ በመጨረሻም ወደ ነቀምቴ መጥተው በመምህርነት ያገለገሉ ሴት ናቸው። በወለጋ ከተሞች የምንኖር ሰዎች የኦነሲሞስ ነሲብን ስም ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ የወይዘሮ አስቴር ስም ግን የሚነሣው የእርሱ ስም ከተነሣ በኋላ፥ ያውም እግረ መንገዱን ነው። ሥራቸው ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ የሚገባው መሆኑን እንደ አቅማችን ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በ19ኛው መቶ ዓመት የግቤ ወንዝ አገር ምን ይመስል እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ ሊሙ እናርያ፥ ጅማ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ የተባሉ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። ምድራቸው ለምለም፥ ገበያቸውም ስሙ የተጠራ ነበር። በሊሙ እናርያ የነበረው የሰቃ ገበያ ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስፍራ ሲሆን፥ ቡና፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥበት ነበር። ከነዚህ ሁሉ ጋር ግን ሰውም ይሸጥ ነበር። በጦርነት የተማረከ፥ በዕዳ የተያዘ፥ ወይም የገዥ ቁጣ የወረደበት ሰው ልጆች ከጭነት ከብቱ ጎን ለጎን ይነዱ ነበር። አንዱ መንገድ በጎጃም በኩል ወደ መተማና ወደ ምጽዋ፥ ሌላውም በሸዋ በኩል ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ያደርስ ነበር። ከባሕሩ ማዶም የዓረብ አገር ገበያ ይጠብቃቸው ነበር።

ይህ ክፉ ንግድ የአንድ ወገን ጥፋት አልነበረም። ሻጩም ገዥውም፥ ቀረጥ ተቀባዩም መንገድ መሪውም ብዙዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ከሰው ልጅ እንባ ድርሻውን ይወስድ ነበር። ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ በአገራችን የወጣው በ1924፥ ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ ደግሞ የወጣው በ1942 ነው። አስቴር ጋኖ በተወለዱበት ዘመን ግን እንዲህ ያለ ሕግ ገና አልታሰበም ነበር።

አስቴር የተወለዱት በ1872 ገደማ ሲሆን፥ የነጻ ሰዎች ልጅ ነበሩ። ሆኖም ገና በልጅነታቸው በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ወድቀው ባሪያ ሆኑ። ከዚያም በነጋዴዎች እጅ ወደ ባሕር ተነዱ። የወሰዳቸው መርከብ ወደ ዓረብ አገር ሲያመራ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች በባሕር ላይ ይዘው ነጻ አወጧቸው። ኢጣልያኖች ምጽዋን የያዙት ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1885 ነበር። የመጡበትም ምክንያት የባሪያ ልጆችን ለማዳን እንዳልነበረ በአድዋ ዘመቻ ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ቢሆንም በዚያች ቀን በዚያች መርከብ ውስጥ ለነበሩት ሕፃናት የነጻነት ምክንያት ሆኑ፤ ታሪክ ይህንንም ያንንም ሳይደባልቅ መጻፍ ይገባዋል።

ነጻ የወጡት ሕፃናት ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ አልነበረም። የመጡበት ጎዳና ያው የፈንጋዩ ጎዳና ስለ ሆነ፥ ወደ ኋላ መመለስ ዳግመኛ መሸጥ ማለት ነበር። ስለዚህ አስቴር በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በተባለው ስፍራ የስዊድን የወንጌል ማኅበር ወዳቆመው ትምህርት ቤት ተሰጡ። እምኩሉ ከወለጋና ከግቤ ምድር በጠባዩ ፈጽሞ የተለየ፥ ሙቀቱ የከበደና ዝናሙ ያነሰ በረሃ ነው። በዚያ በረሃ ውስጥ ግን ከልዩ ልዩ የኦሮሞ አገር የተነጠቁ ልጆች ተሰበሰቡ። በአገራቸው ቢሆን ኖሮ ሊገናኙ የማይችሉ የሩቅ አውራጃ ልጆች በአንድ ማዕድ ቀረቡ፤ አንዱ የሌላውን አነጋገር ሰማ፥ አንዷም የሌላይቱን ዘፈን ተቀበለች።

በዚያን ጊዜ በእምኩሉ ከነበሩት ታላቁ ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ነበር። እርሱም በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወልዶ፥ በአራት ዓመቱ አባቱ ሞቶበት፥ በ1869 በፈንጋዮች ተይዞ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሂካ ሲሆን፥ በኦሮምኛ ትርጉሙ ተርጓሚ ማለት ነው። ኋላም ወደ ስዊድን አገር ተልኮ ተማረና ተመልሶ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ። ወደ ወለጋ ለመግባት ቢሞክርም መንገዱ ስላልተቃናለት በ1886 ወደ እምኩሉ ተመለሰ። አስቴር ወደዚያው የደረሱበትም ዓመት ይኸው ነበር።

ኦነሲሞስ ብርቱ ሊቅ ቢሆንም አንድ ችግር ነበረበት። ከአገሩ የወጣው ገና በሕፃንነቱ ስለ ሆነ፥ የአዋቂዎችን ንግግር፥ የሽማግሌዎችን ምሳሌና የሴቶችን ዘፈን ጠግቦ አልሰማም። ቋንቋ ደግሞ እንደ ወንዝ ነው፤ ከምንጩ ርቆ በእንስራ የተቀዳ ውኃ እያደር ይጎድላል። ኦነሲሞስ ይህን ጉድለቱን ያወቀ ትሑት ሰው ነበርና፥ ከተማሪዎቹ መካከል አስቴር ጋኖ የተለየ አእምሮና ጥልቅ የቋንቋ ስሜት ያላቸው መሆኑን በተረዳ ጊዜ የሥራው ተካፋይ አደረጋቸው። የሥራቸውም መጀመሪያ የኦሮምኛን ቃላት እየሰበሰቡ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነበር። ይህም መዝገብ የአዲስ ኪዳን ትርጉም እንዲጠራና እንዲስተካከል ረዳ፤ መጽሐፉም በ1893 ታተመ። ልድያ ዲምቦንና እስጢፋኖስ ቦነያን የመሰሉ ሌሎች ነጻ የወጡ ወጣቶችም በዚህ የቋንቋ ጉባኤ ውስጥ ነበሩበት። አስቴርም የባርትን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ወደ ኦሮምኛ መለሱ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ የወጣው በ1899 ነው።

ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ይልቁን ልናተኩርበት የምንወደው ሌላው ሥራቸው ነው። አስቴር ጋኖ ከአእምሮአቸው እያወጡ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ዘፈኖችን፥ ተረቶችን፥ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና እንቆቅልሾችን ጻፉ። ከነዚህም ተመርጠው የተወሰዱት፥ ጀልቀበ በርሲሳ፥ ማለት የትምህርት መጀመሪያ፥ በተባለው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብተው በ1894 በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ታተሙ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቍጥር ቆም ብለን እንመርምረው። ከእኛ መካከል ወረቀት ተሰጥቶት፥ ከመጽሐፍ ሳይገለብጥ፥ ማንንም ሳይጠይቅ፥ ከልጅነቱ የሰማውን አንድ መቶ ዘፈንና ተረት መጻፍ የሚችል ስንት ሰው ይገኛል? አስቴር አምስት መቶውን የጻፉት በአገራቸው ተቀምጠው፥ የረሱትን እናታቸውን እየጠየቁ አይደለም። ባሕር ዳር ድረስ የተነዱ፥ ዘመድ የሌላቸው፥ በቋንቋው የማይናገር ሕዝብ በከበበበት ምድር የሚኖሩ ወጣት ሆነው ነው። ከዚህም የምንረዳው፥ በነዚያ የመከራ ዓመታት ውስጥ ያን ዜማ በልባቸው ደጋግመው ሳያዜሙት እንዳልቀሩ ነው። ያልተዜመ ዘፈን ይጠፋልና።

የኦሮሞ የቃል ሀብት ብዙ ክፍል አለው። ገራርሳ የጀግናና የአዳኝ ዘፈን ሲሆን፥ በአማርኛ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር ይቀራረባል፤ ሆኖም ድሀው ድህነቱን፥ የታሰረውም እስራቱን ይናገርበታል። የእናቶች እሹሩሩ፥ የእረኞች የከብት ዘፈን፥ የሠርግና የደቦ ሥራ ዘፈን እያንዳንዱ የራሱ አዘፋፈን አለው። መማክሳ የተባለው ምሳሌያዊ አነጋገር በሽማግሌዎች ሸንጎ የክርክር መቋጫ ነው። ዱርዱሪ የተባለው ተረት ደግሞ የማታ ነው። ከወንዶች ሸንጎ ይልቅ በሴቶችና በልጆች ዘንድ የሚነገረው ክፍል ብዙ ስለ ሆነ፥ ይህን ሀብት ለመሰብሰብ ጦርና ጋሻ ካየ ሰው ይልቅ በምድጃ ዳር ያደገች ልጅ የበለጠ ትችላለች።

ስለ ሂቦ፥ ማለት ስለ እንቆቅልሽ፥ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በአማርኛችን እንቆቅልህ ያለው ጠያቂ፥ መላሹ መልሱን ያጣ እንደ ሆነ፥ አገር ስጠኝ ይለዋል፤ መላሹም የአንድ አገር ስም ጠርቶ ይሰጠዋል። በኦሮምኛም ጨዋታው እንደዚሁ አገርን በመስጠት የሚፈጸም ነው። በአገራቸው ሳሉ ልጆች ሲጫወቱት ይህ ሳቅ ነው። በእምኩሉ በረሃ ተቀምጠው አገር የሌላቸው ልጆች ሲጫወቱት ግን ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። የማይመለሱበትን አገር ስም እየጠሩ እርስ በርሳቸው ይሰጣጡ ነበርና፥ በቃል ብቻም ቢሆን አገራቸውን አላጡም እንላለን።

ዘፈንን በፊደል ማስፈር ቀላል ሥራ አይደለም። ኦነሲሞስና አስቴር የተጠቀሙበት የግእዙን ፊደል ነው። በኦሮምኛ ውስጥ በግእዝም በአማርኛም የሌለ የደ ዓይነት ድምፅ ስላለ፥ ለእርሱ ዸ የተባለውን ፊደል ተጠቀሙ። ሆኖም ግእዙ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ በኦሮምኛ ደግሞ የድምፅ መርዘምና ማጠር እንኳ ትርጉም ይለውጣል። ስለዚህ አንባቢው ቋንቋውን አስቀድሞ ካላወቀ በስተቀር ንባቡ ይቸግረዋል። ይህ ችግር ከብዙ ዘመን በኋላ በ1991 ቁቤ የተባለው በላቲን ፊደል የሚጻፈው አጻጻፍ በይፋ እንዲመረጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። የዜማው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ቃሉ በወረቀት ላይ ሲቀር የድምፁ መውጣትና መውረድ አብሮት አይቀርም። አስቴር የጻፏቸው ዘፈኖች ድምፃቸው ከባለቤታቸው ጋር ያለፈ፥ አካላቸው ግን የቆየልን ናቸው።

የሥራቸው ልዩነት በይበልጥ የሚታወቀው ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ነው። ከእርሳቸው በፊት በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ካርል ቱቸክ የተባለ ሊቅ፥ የባቫሪያው መስፍን ማክሲሚልያን ከግብፅ ካመጣቸው ነጻ የወጡ ወጣቶች ኦሮምኛን ተምሮ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል፤ እርሱ ከሞተ በኋላም በ1844 ወንድሙ አሳተመው። ከእርሳቸው በኋላም ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ የኦሮሞን ዘፈኖችና ተረቶች ሰብስቦ በ1922 አሳትሟል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን በሁለቱም ሥራ ጠያቂው ባዕድ፥ መላሹ ኦሮሞ ነበር፤ ብዕሩ በአንደኛው እጅ፥ ዜማው በሌላው አፍ ነበር። በአስቴር ጋኖ ዘንድ ግን አዜሚዋም ጸሐፊዋም አንዲት ሴት ነች። የትኛው ዘፈን ሊጻፍ እንደሚገባው የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ቃሉን ለባዕድ ጆሮ እንዲመች ማለዘብም አላስፈለጋቸውም።

ከአማርኛ ዘፋኞችም አንድ ምሳሌ እናንሣ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን አገር ሄደው በዚያ ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እርሳቸው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተልከው በክብር የሄዱ ነበሩ፤ መሣሪያውም ድምፃቸውን እስከ ዛሬ ጠብቆልናል። አስቴር ግን የላካቸው መንግሥት፥ የጠበቃቸውም መሣሪያ አልነበረም። ሁለቱም በባዕድ ምድር ሆነው የአገርን ዜማ ያኖሩ ሲሆኑ፥ የአንደኛው ስም በዘፈኑ ላይ ሲጠራ የሌላይቱ ስም ከዘፈኑ ተለይቶ ቀርቷል።

በ1904 ኦነሲሞስ፥ አስቴርና ሌሎች ጓደኞቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ ገቡ። አስቴር ከባሕር ከዳኑ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በዚያን ጊዜ በነቀምቴ ይገዙ የነበሩት የሞሮዳ በከሬ ልጅ፥ በፊት ኩምሳ ይባሉ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ፤ እርሳቸውም እንግዶቹን በመልካም ተቀበሉ። በነቀምቴም ትምህርት ቤት ተከፈተ፥ አስቴርም መምህርት ሆኑ። በበረሃ የተጻፈው መጽሐፍ ዘፈኑና ተረቱ ወደ ተወለደበት አገር ተመልሶ የልጆች መማሪያ ሆነ። በቃላቸው ብቻ ያውቁት የነበረውን የእናቶቻቸውን ተረት ልጆች በፊደል ሲያነቡት ምን ያህል እንደ ተደነቁ መገመት አያዳግትም።

ሥራው ግን ያለ ፈተና አልሄደም። የኦነሲሞስ ስብከት ከካህናቱ ጋር ስላላስማማው በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ፍርዱን አቅልለው በነቀምቴ እንዲቀመጥ፥ ከስብከቱ ግን እንዲታቀብ አደረጉ። ልጅ ኢያሱም በ1916 የስብከት ፈቃድ ሰጡት። የሃይማኖቱን ክርክር ለሚመለከታቸው እንተወዋለን፤ እኛ የምንለው በዚያ ሁሉ መካከል የማስተማሩ ሥራ ፈጽሞ አልጠፋም ነው። ኦነሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ሲሞት፥ ወይዘሮ አስቴር ግን ብዙ ዘመን ቆይተው በ1964 ዓረፉ። በባርነት ገበያ የተጀመረ ሕይወት የባርነትን መሻር፥ የጠላትን መምጣትና መባረር፥ የዘመናዊ ትምህርት ቤቶችንም መስፋፋት አይቶ በዘጠና ዓመት ገደማ ተፈጸመ።

እንግዲህ ስማቸው ከሥራቸው ያነሰበትን ምክንያት እንመልከት። አንዳንድ ሰዎች፥ እርሳቸው ረዳት ነበሩ እንጂ ዋናው ባለሙያ ኦነሲሞስ ነው ይላሉ። የኦነሲሞስን ታላቅነት የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን ግንበኛው ያለ ድንጋይ ቤት አይሠራም፤ ያን ድንጋይ ፈልፍለው ያቀረቡት አስቴር ናቸው። ሌሎች ደግሞ፥ ዘፈን የሕዝብ ሀብት ነውና የአንድ ሰው ስም አያሻውም ይላሉ። እውነት ነው፥ ዘፈኑ የሕዝብ ነው። ሆኖም ውኃው የምንጩ ቢሆን እንኳ እንስራዋን በጀርባዋ ተሸክማ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችውን ሴት ማመስገን ይገባል። እኛ እንደሚመስለን እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። በትርጉም ሥራ የሚደክመውን ሰው ሊቅ እንለዋለን፤ በቃሏ የምታስታውሰውን ሴት ግን ወሬ ታውቃለች ብለን እናልፋታለን። ማስታወስን እንደ ሥራ አንቆጥረውም።

ይህ ጉዳይ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምንበት ነበር። ከባኮ ተነሥቶ በአኖና በሲሬ አልፎ ነቀምቴ የሚደርስ መንገደኛ፥ ከዚያም ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ የሚቀጥል ሰው፥ በየመንደሩ ገራርሳ የሚያወርዱ ሽማግሌዎችንና የሠርግ ዘፈን የሚያውቁ እናቶችን ያገኛል። እነርሱ ባለፉ ቁጥር ግን አንድ አንድ መዝገብ ይዘጋል። አስቴር የጻፉት ከአገራቸው ርቀው፥ የሚጠይቁት ሰው አጥተው ነበር። እኛ ግን ባለቤቶቹ በጎረቤታችን ተቀምጠው፥ ወረቀቱና ድምፅ መቅረጫው በእጃችን ሳለ ዝም ብንል የምናቀርበው ምክንያት የለንም።

ስለዚህ መምህራንን የምንለምነው ነገር ከባድ አይደለም። ተማሪው በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከአያቱ አንድ ዘፈን ወይም አንድ ተረት ሰምቶ በተነገረበት ቋንቋ እንዲጽፍ ይታዘዝ። ቃሉን አያሳምረው፥ የጎደለ የመሰለውንም ከራሱ አይሙላበት። በመቼ ጊዜና በምን ሥራ ላይ እንደሚዘፈን ይመዝግብ፤ የሚቻልም እንደ ሆነ ዜማው በድምፅ ይቀረጽ። ከሁሉም በላይ የነገረችውን ሴት ስም፥ ፈቃዷን ጠይቆ፥ በጽሑፉ ራስ ላይ ያኑር። የትምህርት ቤቱም ሹም ወረቀቱን ከፈተናው በኋላ የሚጣል አድርጎ ሳይቆጥር በመጻሕፍት ቤቱ ያስቀምጥ።

ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ሰውነታቸው ሲሸጥ የማይሸጠውን ጠብቀው፥ በባዕድ ምድር ጽፈው፥ ለባለቤቱ አስረክበዋል። ከአምስት መቶው ላይ የሚጨመረውን የምናገኘው ከየቤታችን ነው።